ለአዋቂ የተሠራ ጨዋታ

መጋረጃ ጨርቅ ነው እንጂ ግንብ አይደለም፤ ልብስ ሊለካ ከመጋረጃ ኋላ የገባ ሰው ግን ግንብ ውስጥ የገባ ይመስለዋል። ልብስ ሰፊዋ በዚህች ሁለት ሜትር በሦስት በሆነች ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት ስትሠራ ያልሰማችው ጉድ የለም። ማን ሊያገባ፣ ማን ሊፈታ እንዳሰበ፣ ማን አለቃውን ፊት ለፊት እያሞገሰ ከኋላ እንደሚያማ፣ ሁሉም ሱሪውን በአንድ እግሩ አጥልቆ በአንድ እግሩ እየዘለለ ይዘከዝከዋል። እሷ ደግሞ ጆሮ እንዳልፈጠረባት መኪናዋን ትረግጣለች። የሥራው ወግ ነው፤ የተሰማ ነገር ማታ ማታ ከተቆረጠ ክርና ከጨርቅ ቅዳጅ ጋር ተጠርጎ ይጣላል።

ያን ዕለት ጠዋት የሰማችው ግን ተጠርጎ የሚወጣ አልሆነም። ከላይ ፎቅ ካለው የኢንሹራንስ ቢሮ ሁለት ሰዎች ወርደው ነበር። አንዱ ግንባሩ ገባ ገባ ያለ የልጆች አባት ነው፤ አዲስ ሱሪ ሊያሳጥር መጋረጃው ኋላ ገብቷል። ሌላዋ የሥራ ባልደረባው ናት፤ በርጩማው ላይ ተቀምጣ ከውጭ ታዋራዋለች። የሚያወሩት ስለ ቪዲዮ ጌም ነበር። ልብስ ሰፊዋ በሆዷ ሳቀች፤ በዚህ ዕድሜያቸው ከልጆቻቸው እየነጠቁ መሆን አለበት አለች።

«ለአዋቂዎች ብቻ የሚል የተለጠፈበትን ሁሉ ሞክሬያለሁ» ይላል ሰውዬው። «ያው ደምና እርቃን ነው። ይሄኛው አንድ ጥይት እንኳ የለበትም፤ ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኝ።»

«ቀሰቀስካት ወይስ ተውካት?»

«ቀሰቀስኳት። አንቺስ?»

«እኔማ ምን ጥያቄ አለው። ባሏ እኮ ሊሞት ነው፤ እናትሽን ጥሪልኝ እያለ ይለምናል። አራት ቀን አልተኛችም፣ ትንሽ ትረፍ ብላ በሩን የምትዘጋ ልጅ ምን ዓይነት አንጀት ቢኖራት ነው?»

«እሷም አይፈረድባትም፤ እስከ ማታ ይቆያል ብላ ነዋ።»

«አይ፣ እኔስ ጨካኝ ናት ነው የምለው።»

የልብስ ሰፊዋ እግር መርገጫው ላይ እንዳለ ቀረ። ይህን ነገር በዚህ ዓለም ላይ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንደኛው አባቷ ነው፤ ሞቷል። ሁለተኛዋ ራሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት፣ አባቷ ቤት ተኝቶ በነበረበት በመጨረሻው ሳምንት፣ እናቷ አራት ቀን ዓይኗን ሳትከድን አስታመመችው። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በልጇ ልመና ወደ ጎን ክፍል ገብታ ጋደም እንዳለች ራሷን ሳተች ማለት ይቻላል፣ እንዲያ ነበር የተኛችው። ብዙም ሳይቆይ አባቷ ዓይኑን ገልጦ «እናትሽን ጥሪልኝ» አለ። ልብስ ሰፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ አየች። እናቷ አፏን ከፍታ፣ አንድ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ተኝታለች። አንጀቷን በላቻት። ትንሽ ትተኛ፣ እስከ ማታ ምን ይመጣል ብላ በሩን መልሳ ዘጋች። አባቷ ማታን አላየም። እናቷ ስትነቃ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር። «ምንም አላለም እማዬ፣ በእንቅልፉ ነው ያለፈው» አለቻት። እናቷ ይህችኑ ይዛ ተጽናናች፤ እስከ ዛሬም ለመጣ ለሄደው ሁሉ «ሳይጨነቅ፣ በእንቅልፉ» እያለች ታወራለች።

ሦስተኛው ሰው ታናሽ ወንድሟ ነው። ከቀብሩ በኋላ በነበረው ሳምንት የአባታቸውን አንሶላ አጥበው ሰገነት ላይ ሲያሰጡ፣ አንዱን ጫፍ እሱ አንዱን ጫፍ እሷ ይዛ ውሃውን ሲጠመዝዙ፣ ሆዷ አልችል አለና አወጣችው። አደራ አለችው። «እናቴ ትሙት፣ ከአፌ አይወጣም» ብሎ ማለላት። አቅፏት አብሯት አለቀሰ፤ «እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማደርገው» አላት። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀና ብላ የሄደችው በዚያች ቃል ነው።

ሰውዬው ከመጋረጃው ወጥቶ ፊቷ ቆመ። ተንበርክካ ሱሪውን በመርፌ ቁልፍ እየያዘች፣ ጨዋታውን የሠራው ማን እንደሆነ ጠየቀች። ሴትዮዋ ደስ አላት። «እርስዎም ይጫወታሉ እንዴ እትዬ?» ብላ ስልኳን አውጥታ ከአንድ ጋዜጣ የተነሳ ፎቶ አሳየቻት። ወንድሟ ነው። አንገትጌው ሲያልቅ እሷ የገለበጠችለትን ሰማያዊ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ይፈላሰፋል። ከሥሩ «በመጨረሻ ለአዋቂ ሰው የሚመጥን ጌም» ይላል። ማሳጠሪያው መቶ ሃያ ነው፣ ለአሥራ አንድ ሰዓት ይደርሳል አለችና ሸኘቻቸው።

ለምሳ ሱቋን ዘግታ በሁለት አውቶቡስ ወንድሟ ቢሮ ሄደች። አራተኛ ፎቅ ነው፤ አሳንሰሩ ከተበላሸ ሰንብቷል። አሥር የማይሞሉ ሰዎች ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነው ስክሪን ላይ አፍጥጠዋል፤ ማንም ቀና ብሎ አላያትም። ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ቁመተ ሙሉ ሥዕል ተሰቅሏል። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ከተገረበበ በር ፊት ቆማለች፤ ትከሻዋ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፣ አንገቷ ላይ የልብስ መለኪያ ሜትር አንጠልጥላለች። ልብስ ሰፊዋ እጇን ወደ አንገቷ ሰደደች። ከሱቅ ስትወጣ ሜትሯን ማውለቅ ረስታ ኖሯል። አጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ወንድሟ ሲያያት ደንግጦ ተነሳ። «እታለም! ምነው፣ እማዬ ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ እስካሁን።»

ወዲያው ገባው። ክንዷን ይዞ ሻይ ወደሚፈላበት ጠባብ ክፍል ወሰዳትና በሩን ዘጋ። በሠላሳ ሦስት ዓመቱም፣ ልጅ ሆኖ ሲያጠፋ ከንፈሩን ይነክስ እንደነበረው ይነክሳል። ይቅርታ ይላል ብላ ነበር የጠበቀችው፤ የመጀመሪያ ቃሉ «ስምሽን አልጻፍኩም» የሚል ሆነ።

«ሜትሬን ግን አንጠልጥለኸዋል።»

«ስሚኝ እታለም። እኔ አሥር ዓመት ሰው ሲመታ የሚረጭ ደም ስሥል የኖርኩ ሰው ነኝ። ያንን ነው ለአዋቂ የሚሉት። እሱ እኮ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አዋቂነት ይሄ ነው ብሎ የሚያልመው ነው። አዋቂማ ሁለቱም የሚያሳምም ምርጫ ሲደቀንበት አንዱን የሚመርጥ ነው፤ መርጦም በማግስቱ ተነስቶ ሰሃን የሚያጥብ። እንዲህ ያለ ነገር ከየት ላምጣው? እኔ ላይ ምንም ደርሶ አያውቅም። የማውቀው አዋቂ ሰው አንቺን ብቻ ነው።»

አነጋገሩ ያምራል። ክፋቱ፣ ውሸትም አልነበረበትም፤ ልብስ ሰፊዋ ለአፍታ ያህል ሰውነቷ ላላ፣ ልትኮራም ዳድቷት ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚህ ነው፣ እጁን ኪስሽ ውስጥ እያስገባ ያስቅሻል። ራሷን ሰብሰብ አድርጋ ጨዋታው ውስጥ ያለችው ልጅ ወንድም እንዳላት ጠየቀችው። ብቸኛ ልጅ ናት አላት። ወንድሟስ የት ሄደ ብትለው መሬት መሬት እያየ «ለታሪኩ አላስፈለገም» አለ። በእነዚያ አራት ቀናት ዘጠኝ ጊዜ ደውላለት ነበር። እሱ ግን የተኩስ ጌም ማስረከቢያ ቀኑ ደርሶበት ስልኩን ዘግቶ ተቀምጦ ነበር። ይህን አላነሳችበትም፤ ያን ጊዜም አላነሳችበትም። አዋቂ ማለት እኔ እስከማውቀው አፉን የሚይዝ ሰው ነው ብቻ አለችው።

ከዚያ በኋላ ልመና ውስጥ ገባች። የተሰረቀው ሰው ሌባውን ሲለምን ማየት ያሳፍራል፤ ግን ምን ታድርግ፣ ከእናቷ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የምትኖረው እሷ ናት። እናቷ ይህን ብትሰማ አብሮ መኖር የሚባል ነገር አያልቅም ወይ? ሰው ሁሉ እንደፈለገ ጨካኝ ይበላት፣ እማዬ ግን አትስማ። ወንድሟ ራሱን አከከ። ጎረቤታቸው ጡረተኛው መምህር ጋዜጣውን ለእናታቸው አንብቦላት ኖሯል። እሷም ደውላ ሥራህን ዛሬ አምጥተህ ካላሳየኸኝ ብላ ይዛዋለች፤ አሥር ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብሏታል። ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደገፈች።

«የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው የማሳያት» አላት። «ልጅቷ ስትሰፋ፣ አባትየው ሲቀልድ። እዚያ ላይ አጠፋዋለሁ።»

«ማልልኝ።»

«እናቴ ትሙት።»

ያው መሐላ ነበር። ግን ሌላ ምን ይዛ ትመለስ።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ዚፕ ቀየረች፣ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ወገብ አጠበበች፣ የሰውዬውን ሱሪ ቆረጠች። ቆርጣ ስትጨርስ ከልኩ ሁለት ጣት አሳጥራዋለች። በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ እንዲህ ዓይነት ስህተት ሠርታ አታውቅም፤ ማንም ሰው ሁለቴ ሳይለካ አይቆርጥም፣ እሷ ደግሞ ሦስቴ ነው የምትለካው። ከዚያ «ነገ ይምጡ፣ ጨርቅ ገዝቼ በአዲስ እሰፋልዎታለሁ» የሚል ወረቀት ጽፋ በሩ ላይ ለጠፈችና ከሰዓቷ ቀድማ ወጣች። መንገድ ላይ ዳቦ ገዛች፤ ከትናንት ወዲህ አምስት ጨምሯል። ሻጩ የስንዴ ዋጋ ነው እያለ ሲያስረዳት ከፍላ ሄደች።

ደረጃውን ወጥታ በሩን ስትከፍት አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል። ሰባ የደፈነችው እናቷ ሶፋው ላይ መነጽሯን አድርጋ፣ የጨዋታውን ጆይስቲክ በሁለት እጇ ጨምቃ፣ ቲቪው ላይ አፍጥጣለች። ወንድሟ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ቲቪውን አያይም፤ የእናቱን ፊት ነው የሚያየው። ዓይኗ ሲርገበገብ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አንድ በአንድ ይከታተላል። በሩ ሲከፈት እንኳ ዞር አላለም።

«መጣሽ? ነይ የወንድምሽን ሥራ እይ» አለች እናቷ። «በዚህ ዕድሜዬ ሱሪ አሳጠርኩልሽ እኮ። ከእንግዲህ ጦምሽን አታድሪም።»

ልብስ ሰፊዋ ወንድሟን አየችው። «ትንሽ እንጨምር ብላኝ ነው» አለ በቀስታ። አጥፋው አለችው። እናቷ ግን እጇን አወራጨች፤ ምን ሆናችኋል፣ ሰውዬው ታሞብኛል፣ የት ትቼው ልሂድ አለች። ወንድሟም የቲቪውን መቆጣጠሪያ ይዞ ነበር፤ አንድ ጣት ነው የሚያስፈልገው። አልተጫነውም።

ስክሪኑ ላይ የአባቷ ክፍል ነበር። ኮሞዲኖው ላይ በስኒ ማስቀመጫ የተከደነ ብርጭቆ አለ፤ ጎኑ በክር የታሰረ ሬዲዮ አለ፤ ብርድ ልብሱ ጫፉ ላይ የተጣፈው ሳይቀር አለ። አልጋው ላይ ያለው ሽማግሌ ዓይኑን ገልጦ «እናትሽን ጥሪልኝ» አለ። በሩ ተገረበበ። አንዲት አሮጊት አፏን ከፍታ፣ አንድ ጫማዋን ሳታወልቅ ተኝታለች። ከሥሯ ሁለት ቃል መጣ፦ «ቀስቅሻት» እና «ትተኛ»። እናቷ መነጽሯን ከፍ አድርጋ ሁለቱን አነበበችና «ይሄም ጥያቄ ሆኖ» ብላ የመጀመሪያውን ተጫነች። አሮጊቷ ነቃች፣ እየተደናበረች ገባች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሽማግሌው እጇን ይዞ ያወራት ጀመር። ስላገኛት ቀን፣ ስላላመሰገናት ነገር ሁሉ፣ ሳያያት ቢሄድ እንዴት ይቆጨው እንደነበር ባማረ ድምፅ ረጅም ንግግር አደረገ። በሕይወቱ ዘመን ከሚስቱ ጋር ስለ መብራት ቆጣሪና ስለ ጉልበቱ ሕመም እንጂ ስለ ሌላ ያላወራው ሰውዬ፣ ሞት አፋፍ ላይ አንደበቱ ተፈታ። ልብስ ሰፊዋ አፈረች፤ በአባቷም፣ በወንድሟም፣ እዚያ ቆማ በመስማቷም።

እናቷ እስከ መጨረሻው አዳመጠች። ከዚያ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ መነጽሯን አወለቀች።

«ያ ብርጭቆ የኛ ነው» አለች። «ሬዲዮውም የኛ ነው፤ ይሁን፣ ቤትህ ነው፣ ታውቀዋለህ። አንድ ጫማዬን እንዳላወለቅኩ ማን ነገረህ? አንተ አልነበርክም።»

«ልብ ወለድ ነው እማዬ። ጨዋታ ነው እኮ።»

እናቷ መልሱን አልጠበቀችም፤ ወደ ሴት ልጇ ዞራ ነበር። «ጠርቶኝ ነበር?»

ዳቦው ገና ከእጇ አልወረደም። «የለም» ማለት ይቻል ነበር፤ ሦስት ዓመት የተለማመደችው ውሸት ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነው የተቀመጠው፤ ወንድሟም በዓይኑ በይው፣ በይው ይላታል። ግን ኢንሹራንስ ቢሮ ያሉት ሁሉ የሚያውቁትን፣ መጋረጃ ኋላ የሚወራውን ደብቃ፣ ባለጉዳይዋን እናቷን ብቻዋን ስታሞኛት መኖር አሁን አቀበት ሆነባት።

«አዎ» አለች።

«ስንቴ?»

«ሦስቴ።»

ወንድሟ ቀና አለ። «ለኔ አንዴ ነው ያልሽኝ እኮ።»

ቲቪው ውስጥ ያለው ሽማግሌ ቀጣይ ትእዛዝ እየጠበቀ በዝግታ ይተነፍሳል። እናቷ አንዴ ሴት ልጇን አንዴ ወንድ ልጇን አየች፤ አላለቀሰችም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም። ተነስታ ወደ መኝታዋ ገባች፤ የቁም ሳጥኑ በር ሲንቋረር ተሰማ። ልብስ ሰፊዋ ተከትላት ገባች። እናቷ ሁለት ቀሚስ፣ ሹራብና የሌሊት ልብስ ትንሽ ሻንጣ ውስጥ እያጠፈች ታስገባለች።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ማሙሽ ጋ፣ ወንድምሽ ጋ።»

«እማዬ፣ ምስጢሬን አውጥቶ የቸበቸበው እኮ እሱ ነው። ያን ጊዜ ስልኩን እንኳ ያላነሳ እሱ ነው። ደክሞሽ ስለነበር ነው፣ አንጀቴን በልተሽኝ ነው...»

«ስላልቀሰቀስሽኝ አይደለም» አለች እናቷ ሹራቧን እያጠፈች። «ያንን ብትነግሪኝ አለቅሳለሁ፣ እሰድብሻለሁ፣ ያልፋል። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ማዕድ ላይ እየበላን፣ በእንቅልፉ ነው ያለፈው ስል አብረሽኝ አንገትሽን ትነቀንቂ ነበር። እሱ ቢያንስ ነገረኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ቤት፣ እነዚህን አንሶላዎች፣ ይህችን እናት ብቻዋን ተሸክማ የኖረች ሰው ናት፤ ደግሞ የሚያስቅ ነገር ነው፣ አሁን የምትቀረው እሷ ናት። ወጥታ ኩሽና ገባች። የእናቷን መድኃኒቶች ከመደርደሪያው አውርዳ ከረጢት ውስጥ ከተተች፤ የግፊቱን፣ የስኳሩን፣ የጉልበቱን። ወንድሟ ሻንጣውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ፊቱ የተጨነቀ ነው፤ ማስመሰል አይደለም፣ በእርግጥ ተጨንቋል። እኔ እንዲህ ይሆናል ብዬ አይደለም እታለም አላት። እሺ አለችው።

የቱ ከምግብ በፊት፣ የቱ በኋላ እንደሆነ አያውቅም፤ የስንት ሰዓቱ እንደሆነም። አንዴ ነገረችው፤ አልያዘውም። ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ማስታወሻው ላይ ከፈተና ሰጣት። «አንቺ ጻፊልኝ፣ ስማቸውን አላውቀውም» አለና እናቱን ደረጃው ላይ ሊደግፋት ፈጠን ብሎ ወጣ።

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ተቀብላ ወደ መብራቱ ጠጋ አለች። ገጹ ባዶ አልነበረም። ከላይ፣ ከአምስት ደቂቃ በፊት የተጻፉ ሁለት መስመሮች አሉ፦ «ሦስቴ ነው የጠራት (አንዴ አይደለም)።» ከሥሩ ደግሞ፦ «እናት፦ እሱ ቢያንስ ነገረኝ።»

ደረጃው ላይ እናቷ ቀስ እያለች ስትወርድ፣ እሱም «ቀስ፣ ቀስ እማዬ» ሲላት ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ሁለቱን መስመሮች ደግማ አነበበቻቸው። አላጠፋቻቸውም። ከሥራቸው የግፊቱን ክኒን ስም ጻፈች፤ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት፣ አንድ።